ካርዱ ላይ ያልጻፍኩት

(በቀድሞ ተማሪዎች የዳግም መገናኘት ቀን፣ ሐዋሳ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ "ከሙያሽ ተነሥተሽ ሃያ ደቂቃ ንገሪን" ሲሉኝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር የማወራ መስሏቸው ነበር። የብዙዎቻችን ዕድሜም እዚያው ስለደረሰ ቅር የሚለው ሰው አይኖርም ነበር። እኔ ግን ስለ ሕግ ላወራ ነው የመጣሁት። የሕግ ምሩቃን፣ ከተሳሳትኩ በሻይ ሰዓት አርሙኝ፤ መድረክ ላይ ግን ማሩኝ።

እኔ ስገባ የዩኒቨርሲቲው ስም "ደቡብ" ነበር፤ ስወጣ ዲግሪዬ ላይ "ሐዋሳ" ተብሎ ታተመ። ስለዚህ ከሁለቱም ዘመን ነኝ፤ ወጣቶቹም አዛውንቶቹም የራሳችሁ አድርጋችሁ ስሙኝ።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር፤ እጅ አውጡ። ፖሊስ ሰው ሲይዝ "ዝም የማለት መብት አለህ፤ የምትናገረው ሁሉ ፍርድ ቤት ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ ይችላል" ሲል የሰማ? አያችሁ፣ አዳራሹ በሙሉ! የት ነው የሰማችሁት? ፊልም ላይ። የአሜሪካ ፊልም ላይ። አሁን ደግሞ ይኸው መብት በእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ እንዳለ የሚያውቅ? የሕግ ልጆች እጃችሁን አውርዱ፣ እናንተ አትቆጠሩም። እንግዲህ የቀረው እጅ ስንት እንደሆነ ራሳችሁ ተመልከቱ።

እኔም እጄን ከማላወጣው ወገን ነበርኩ። ያለማወቄን ዋጋ ግን የከፈለው ሌላ ሰው ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ነው።

ተመርቄ በጠቅላላ ሐኪምነት የምሠራበት ጊዜ ነበር። የሆስፒታሉን ስም አላነሣም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ያመሸበት ማክሰኞ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነኝ። ከባጃጅ አደጋ የመጡ ሁለት ልጆች አሉ፤ አንድ አስም የተነሣባቸው አባት ኦክስጅን ላይ ናቸው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ፖሊስ አንድ ወጣት ይዞ ገባ። ወጣቱ እጁ በካቴና ታስሯል። ባዶ እግሩን ነው። በተረከዙ ብቻ ለመርገጥ ይሞክራል፣ ተረከዙ እምቢ ሲለው በእግሩ ጠርዝ ይረግጣል።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩ።

"ከደረጃ ወድቆ ነው" አለኝ ፖሊሱ።

ወጣቱን ጠየቅሁት። አማርኛ አይሰማም፤ የሚናገረው ሲዳሙ አፎ ነው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ሐዋሳ ኖሬ ከሰላምታ አላልፍም ነበር፤ ያሳፍራል። ፖሊሱ ሊተረጉምልኝ ተጠጋ። ወጣቱ ረጅም ነገር ተናገረ። ፖሊሱ ያን ሁሉ በሦስት ቃል ቋጨው፤ "ወደቅሁ ነው የሚለው።"

እግሩን አየሁት። ሁለቱም ውስጥ እግሩ አብጧል፣ ቆዳው ጠቁሯል፣ ከጎን ወደ ጎን የሄዱ ሰንበሮች አሉበት። እዚህ የተቀመጣችሁ ሐኪሞች ታውቁታላችሁ፤ ከደረጃ የወደቀ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ይወለማል፣ የእጁ አንጓ ይሰበራል፣ ጉልበቱ ይላጣል። ሁለት ውስጥ እግር እኩል የሚያሳብጥ ደረጃ ግን በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ የለም። ይህንን ያኔውኑ፣ እዚያው ቆሜ አውቄዋለሁ።

ፖሊሱን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳትስሉት። ወጣት ልጅ ነው። "ዶክተር፣ ቶሎ ቢጨርሱልኝ፤ ከትናንት ጀምሮ አልተኛሁም" አለኝ በትሕትና። የመድኃኒቱን ገንዘብ ከኪሱ የከፈለውም እሱ ነው። እኔም አልተኛሁም ነበር። ራጅ አዘዝኩ፤ ስብራት የለም። የሕመም ማስታገሻ ሰጠሁ። ከዚያም ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በዚያች እኔ ራሴ በማልመልሳት የእጅ ጽሑፌ፣ "ታካሚው ከደረጃ መውደቁን ይናገራል፤ የሁለቱም እግሮች እብጠት፤ ስብራት የለም" ብዬ ፈረምኩ።

ሰንበሩን አልጻፍኩም። ካቴናውን አልጻፍኩም። ከፖሊስ ጋር መምጣቱን አልጻፍኩም። የመጣበትን ሰዓት አልጻፍኩም። ፈርቼ ነው? ደክሞኝ ነው? ሁለቱንም ነው። ከዚያ ወደ አስም ታማሚዬ ተመለስኩ።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል መጥሪያ ደረሰኝ። የተጠራሁት የመከላከያ ምስክር ሆኜ ነው። ክሱ የሞተር ብስክሌት ስርቆት ነው። ወጣቱ ለፖሊስ በሰጠው ቃል አምኗል ተብሏል። እሱ ደግሞ "የተያዝኩት ሰኞ ነው፤ ያመንኩትም ተገርፌ ነው" ይላል። የፖሊስ መዝገብ የተያዘው ሐሙስ ነው፣ ዓርብ ፍርድ ቤት ቀርቧል ይላል። የእኔ ካርድ የተከፈተው ማክሰኞ ነው።

አስሉት። ማክሰኞ ማታ በካቴና ታስሮ እኔ ፊት ከቀረበ ሐሙስ ተያዘ ማለት ውሸት ነው። ሕጉ የሚለው 48 ሰዓት አልፏል ማለት ነው። ውስጥ እግሩ የተጎዳው በፖሊስ እጅ ሳለ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የጉዳዩ ቁልፍ እኔ የጻፍኩት አንድ ካርድ ነበር።

የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃዋ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። "ዶክተር፣ ታካሚው ከማን ጋር መጣ?" አለችኝ። "ከፖሊስ ጋር" አልኩ። "እጁስ?" "በካቴና ታስሮ ነበር።" እሷ ተቀመጠች፤ ዐቃቤ ሕጉ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሣ። ካርዱን አሳየኝ።

"ይህ ጽሑፍ የእርስዎ ነው?"

"አዎ።"

"ፖሊስ የሚል ቃል አለበት?"

"የለበትም።"

"ካቴና የሚልስ?"

"የለበትም።"

"'ታካሚው መውደቁን ይናገራል' የሚልስ?"

"አለበት።"

"በዚያ ሌሊት ስንት ሰው አይተዋል?"

"ሠላሳም አርባም ይሆናል።"

"እንግዲያው ከሁለት ዓመት በኋላ ያልጻፉትን ያስታውሳሉ፤ የጻፉት ግን ትክክል አይደለም። እንዲህ ነው የሚሉን?"

ዝም አልኩ። ዐቃቤ ሕጉ ሥራውን ነው የሠራው፤ አልቀየምኩትም። ጠበቃዋ በድጋሚ ጥያቄ ልታነሣኝ ሞከረች። "ታካሚው በምን ቋንቋ ነው የተናገረው?" "በሲዳሙ አፎ።" "እርስዎ ይሰማሉ?" "አልሰማም።" "ማን ተረጎመልዎ?" "ፖሊሱ።" ዳኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ፍርድ ቤቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ከመጣው ቃሌ ይልቅ በጊዜው የሰፈረውን ጽሑፌን አመነ። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ከዚያ የተለየ አላደርግም። ልጁ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ጸና፤ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ሞተሩን ሰርቆ ይሆናል፤ ሳይሰርቅም ይሆናል። አያቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ታንገበግባለች ይሉ ነበር። የዚያ ልጅ ጭብጦ በእኔ እጅ ላይ ነው የሄደችው።

ጠበቃዋ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ነበር። "የት ነው የተማሩት?" አለችኝ። ነገርኳት። "እኔም እዚያው ነኝ፤ ሕግ" አለች። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተምረን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያየነው ምስክር መቆሚያ ላይ ነው። ከቦርሳዋ ትንሿን የሕገ መንግሥት መጽሐፍ አውጥታ ሰጠችኝ። ያንን መጽሐፍ እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ስላለች ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

መጽሐፉን የዚያኑ ዕለት ማታ አነበብኩት። ሕገ መንግሥታችን የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ለሕግ ልጆች የምናገረው ሀሁ ነው፤ ለቀረነው ግን በአጭሩ ልበለው። አንቀጽ 19 ስለተያዘ ሰው ነው። የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል። ዝም ማለት ይችላል፤ የሚናገረው በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም ይነገረዋል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ካልቀረበ አካሉ ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። ሕግ ከሚደነግጋቸው ልዩ ሁኔታዎች በቀር በዋስ የመፈታት መብት አለው።

አንቀጽ 20 ስለተከሰሰ ሰው ነው። በሕግ ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት አለው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ሲያጣና በዚህ ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል ሲችል መንግሥት ያቆምለታል። ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካልሰማ በመንግሥት ወጪ ይተረጎምለታል።

አንቀጽ 21 ላይ ስደርስ ቆምኩ። በጥበቃ ሥር ያለን ሰው ሊጎበኙት የሚችሉትን ሲዘረዝር የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ የሕግ አማካሪ ይላል፤ ሐኪምንም ይጨምራል። ለካ እኔም ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለሁ! ያን ልጅ ባየሁበት ሌሊት ይህን ባውቅ ምናልባት ቀና ብዬ እቆም ነበር።

አሁን ወደ ፊልሙ ልመለስ። በፊልም የምንሰማው ማስጠንቀቂያ ስሙን ያገኘው ኧርኔስቶ ሚራንዳ ከተባለ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማ በጠለፋና በአስገድዶ መድፈር ተጠርጥሮ ተያዘ። ሁለት ሰዓት ያህል ተመርምሮ አምኖ ፈረመ። ጠበቃ አጠገቡ እንዲኖር መጠየቅ እንደሚችል የነገረው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ ያንን የእምነት ቃል ውድቅ አደረገው። ከዚያ በኋላ ነው ፖሊስ ሰው ይዞ ከመመርመሩ በፊት መብቱን እንዲነግረው የተገደደው።

ሰዎች "ወንጀለኛ አስፈቱ" ይላሉ። አልተፈታም። ሚራንዳ በ1967 የእምነት ቃሉ ሳይቀርብበት በሌላ ማስረጃ እንደገና ተከሶ ተፈረደበት። ፍርድ ቤቱ መንግሥትን ያለው "አስገድዳችሁ ከአፉ አታውጡ፤ ሠርታችሁ አስረዱ" ነው።

ልብ በሉልኝ፤ ያ ማስጠንቀቂያ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው አምስተኛው ማሻሻያ የሚለው ማንም በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ነው። ማስጠንቀቂያውን ያወጡት ዳኞች ናቸው፤ ከ175 ዓመት በኋላ። በእኛ ግን አንቀጽ 19 ላይ በግልጽ ተጽፏል። 48 ሰዓቷም እንደዚሁ ናት። አሜሪካኖቹ ያለ ዳኛ ትዕዛዝ የተያዘ ሰው ጉዳይ በመርሕ ደረጃ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ዘንድ መታየት አለበት ያሉት እ.ኤ.አ. በ1991 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። እኛ ዘንድ 48 ሰዓት በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ነበረች። በጽሑፍ በኩል የሚያሳፍር የለንም። እኔን የሚያሳስበኝ ጽሑፉ መሬት ላይ ሲወርድ በማን እጅ እንደሚያልፍ ነው። ከሚያልፍባቸው እጆች አንዱ የእኛ የሐኪሞች ነው።

ለዚህ አንድ የአሜሪካ መዝገብ ልንገራችሁ። ጠበቃዋ ጓደኛዬ ናት ያነበበችልኝ። እ.ኤ.አ. በ1949 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሦስት የፖሊስ ሹሞች ሮቺን የሚባል ሰው ቤት ሰብረው ገቡ። ራስጌው አጠገብ ሁለት እንክብሎች አዩ። "የማን ናቸው?" ሲሉት አፈፍ አድርጎ ዋጣቸው። ሊያስተፉት ታገሉት፤ አልሆነም። እጁን አስረው ሆስፒታል ወሰዱት። እዚያ አንድ ሐኪም፣ ፖሊስ ስላዘዘው፣ ያለ ሰውየው ፈቃድ ቱቦ ወደ ጨጓራው አስገብቶ የሚያስመልስ መድኃኒት ሰጠው። እንክብሎቹ ወጡ፤ ሞርፊን ሆነው ተገኙ። 60 ቀን እስራት ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ1952 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አድራጎቱ ሕሊናን የሚያስደነግጥ ነው ብሎ ፍርዱን ሻረው።

ሞርፊኑ እኮ እውነተኛ ነበር። ሰውየውም ውጦታል። ያም ሆኖ ማስረጃው የመጣበት መንገድ ማስረጃውን አበላሸው። እኔ ታሪኩን ስሰማ ዓይኔ የቆመው ዳኞቹ ላይም ሮቺን ላይም አልነበረም፤ ቱቦውን የያዘው ሐኪም ላይ ነው። ምናልባት እሱም ተረኛ ነበር። ምናልባት እሱም አልተኛም ነበር።

ሕጉ እጃችንን ሁልጊዜ አይከለክልም። ይኸው ፍርድ ቤት ከ14 ዓመት በኋላ፣ ጠጥቶ በመንዳት ከተጠረጠረ ሰው ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም በፖሊስ ጥያቄ ደም መቅዳቱን ተቀብሎታል። የእኛም የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ ሐኪም ተጠርጣሪን እንዲመረምር፣ ደምም እንዲወስድ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። መስመሩ ቀጭን ነው። ስለዚህ ነው ሐኪም መስመሩን በእንቅልፍ ልቡ ሊያልፈው የማይገባው።

ሁለተኛው መዝገብ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ቦታው ግን አትላንታ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ቀልቤሳ ነገዎ የአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ነበር። በዚያ ታስረው ከተገረፉት መካከል እጅጋየሁ ታዬ፣ ሂሩት አበበና ኤልሳቤጥ ደምሴ ይገኙበታል። ዓመታት አለፉ፤ ሁሉም ባሕር ተሻገሩ። እጅጋየሁ አትላንታ ውስጥ በምትሠራበት ሆቴል ያንን ሰው ሠራተኛ ሆኖ አየችው።

እዚያ ቆማችሁ አስቡት። እሷ ግን ሕግ ጋር ሄደች። ሦስቱ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1789 የወጣ፣ የውጭ ዜጎች ዓለም አቀፍ ሕግ ተጥሶ በደረሰባቸው በደል ካሣ እንዲጠይቁ የሚፈቅድ አሮጌ የአሜሪካ ሕግ ጠቅሰው የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረቱ። ከሳሽ መንግሥት አልነበረም፤ የተበደሉት ራሳቸው ናቸው። የሚጠየቀውም እስራት ሳይሆን ካሣ ነው። ፌዴራል ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው፤ ይግባኝ ሰሚውም በ1996 አጸናው። ሰውየው በኋላ፣ በ2006፣ ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ።

ከዚህ መዝገብ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው፣ ተከሳሹም ፍርድ ቤት ቀርቦ ራሱን እንዲከላከል ዕድል ማግኘቱ ነው። ለሦስቱ ሴቶች ያልተሰጣቸው ዕድል ለእሱ ተሰጠው። ፍትሕን ከበቀል የሚለየው ይህ ይመስለኛል። ሁለተኛው፣ የተጎዳ ገላ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮም ቢሆን ሊጠየቅ መቻሉ ነው። የምናክመው ሰው ቁስሉ ይድናል፤ ሰንበሩ ይጠፋል። የሚቀረው ሐኪሙ በዚያች ሌሊት የጻፈው ነው።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ ከዚያ ችሎት በኋላ የማደርገውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሰዓቱን እጽፋለሁ። ታካሚው ስንት ሰዓት ላይ፣ ከማን ጋር፣ ታስሮ ወይስ ሳይታሰር እንደመጣ አሰፍራለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። 48 ሰዓትን ለሚቆጥር ዳኛ ግን ያቺ መስመር ሰዓት ናት።

ሁለተኛ፣ ታካሚውን ለብቻው አነጋግራለሁ። ፖሊሱ በር ላይ ቆሞ ቢያይ ግድ የለኝም፤ እንዳይሰማ ግን እጠይቀዋለሁ። ግርፋትን እንዴት መርምሮ መመዝገብ እንደሚቻል የሚያስተምረው የኢስታንቡል ፕሮቶኮልም የሚለው ይህንን ነው። የማስተረጉመውም በነርስ፣ በጽዳት ሠራተኛ፣ በሌላ አስታማሚ ነው እንጂ በያዘው ሰው አይደለም። እዚህ ሲዳማ ምድር ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ሲቀመጡ "አፊኒ?" ይባባላሉ፤ "ሰማችሁ ወይ?" እንደማለት ነው። ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነው። እኔ ያን ልጅ አልሰማሁትም ነበር። አሁን ሲዳሙ አፎ እየተማርኩ ነው፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ሦስተኛ፣ "አለ" እና "አየሁ" የሚሉትን እለያለሁ። እሱ ያለውን በራሱ ቃል፣ እኔ ያየሁትን በልኩና በቦታው እጽፋለሁ። "ፖሊስ ገረፈው" ብዬ ግን አልጽፍም፤ አላየሁማ። ያ ፖሊስም እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው፤ አንቀጽ 20 ለእሱም ነው የተጻፈው። የምጽፈው ያየሁት ጉዳት ከተነገረኝ ታሪክ ጋር ይስማማል ወይም አይስማማም ብዬ ነው። ፍርዱ የዳኛው ነው። ደግሞም ታካሚው "አዎ፣ ሰርቄያለሁ" ቢለኝ፣ ያ ለሕክምናው እስካላስፈለገ ድረስ ካርድ ላይ የሚሰፍር አይደለም። የሙያ ምስጢርን ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስጠይቃል።

አራተኛ፣ የሕክምና ማስረጃ ስጽፍ ዳኛ እንዲያነበው አድርጌ እጽፋለሁ። በምሕጻረ ቃል የተሞላ እንግሊዝኛ ለማን ነው? ችሎቱ በሲዳሙ አፎ ወይም በአማርኛ እየተካሄደ፣ የሰው ነጻነት የሚንጠለጠልበትን ወረቀት እኛ ማንም በማይፈታው ቋንቋ እንጽፋለን። ቢያንስ መደምደሚያውን ችሎቱ በሚሰማው ቋንቋ፣ በተርታ ቃል እናስፍር።

በአደባባይ ሁለት ሰው ሲጣላ አላፊ አግዳሚው "በሕግ አምላክ!" ሲል የተነሣው እጅ ይወርዳል። የተናገረው ሰው ሹም አይደለም፤ መሣሪያም የለውም። እኔም ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሹም አይደለሁም። እስክሪብቶ ግን አለኝ።

የመጨረሻው ነገር ለመምህሮቻችን የማቀርበው ልመና ነው። የሕግ ተማሪዎች ምስለ ችሎት እንደሚያካሂዱ አውቃለሁ። የሕክምና ተማሪዎችም ኢንተርን ከመሆናቸው በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ ምስለ ችሎት ላይ ይቁሙ። የጻፉትን ካርድ ይዘው ይምጡ፤ የሕግ ተማሪዎች መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቋቸው። ላብ ያጥምቃቸው፤ እኔን እንዳጠመቀኝ። እነሱ ግን የሚታረሙት ማንም ሳይታሰር ነው። የሕግ ልጆችም በተራቸው አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይደሩ፤ አርባ ታካሚ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይዩ። ቡናውን እኔ እችላለሁ፤ ጠበቃዋ ጓደኛዬም ዳኛ ሆና ልትቀመጥ ቃል ገብታለች። እኛ የተገናኘነው አንድ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። ታናናሾቻችን ከዚያ በፊት ይገናኙ።

ስለዚያ ልጅ የሚጠይቀኝ ሰው ይኖራል። ፍርዱን ጨርሶ ወጥቷል። እንደወጣ ከጠበቃዋ ጋር ሄጄ አገኘሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሷ ተረጎመችልኝ። ረጅም ነገር ተናገረ። በዚህኛው ቀን ሁሉንም፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ ነገረችኝ። ያለኝ የእሱና የእኔ ስለሆነ እዚህ አላወጣውም።

እንግዲህ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ። ለምስለ ችሎቱ ግማሽ ቀን መስጠት የምትችሉ ሐኪሞችና የሕግ ሰዎች ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉልኝ። ሐኪሞች፣ እናንተ ደግሞ አደራችሁን፤ በሚነበብ ጽሑፍ።